ለሚመለከተው ክፍል

ዝናቡ ባይመጣ ኖሮ ጋሽ ነጥቤ ያቺን የስልክ ጥገና ሱቅ ዞር ብለውም አያዩዋት ነበር። ከጉሮሮ ሐኪም ቤት ወጥተው፣ የታዘዘላቸውን ወረቀት በደረት ኪሳቸው ከተው፣ ሰው ሰላም ቢላቸው እንኳ ለመቆጣት ተዘጋጅተው ነበር የሚሄዱት። ዶፉ ሲወርድ ግን ቁጣም አያስጠልልም። ሮጥ ብለው አንዲት ጠባብ ሱቅ ውስጥ ገቡ።

ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ፣ እንደ መርፌ በቀጠነ መፍቻ የተከፈተ ስልክ ሆድ ዕቃ ትጎረጉራለች። ቀና ብላ አየቻቸውና መቀመጫ ሰጠቻቸው። እሳቸውም ከተቀመጡ በኋላ ኪሳቸውን ዳብሰው የራሳቸውን ስልክ አወጡ።

"ልጄ፣ ከዚህ ውስጥ ምላስ መቁረጥ ይቻላል?" አሉ፣ በሻከረ ድምፅ።

"የማንን ምላስ ነው አባባ?"

"የዚህን ባለጌ! መጽሐፍ ያነባል ብለው የጫኑብኝን። ባለቤቴ ዓይኗ ከደከመ አራት ዓመቷ ነው። ከሰዓት ከሰዓት እኔ ነኝ የማነብላት። ዛሬ ሐኪሙ ጉሮሮህ ይቀደዳል፣ ሰባት ሳምንት አለህ፣ ከዚያ በኋላ ድምፅህ ይመለስ አይመለስ ዋስትና የለኝም አለኝ። ይህን አስቀድሜ ፈርቼ ነበርና ትናንት ይህን ፕሮግራም ሞከርኩት። 'ሰፊዋ በሩን ከፍታ ገባች' ይላል መጽሐፉ። ልብስ የምትሰፋዋ ማለት ነው። ይሄ ግን አጥብቆ፣ በር የማይበቃት ግዙፍ ሴት አደረጋት! ባለቤቴ ደግሞ አርባ ዓመት ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። ሰፈሩ ሁሉ እትዬ ሰፊዋ ነው የሚላት። በገዛ ቤቷ፣ በገዛ ባሏ ስልክ ተሰደበች!"

ልጅቷ ሳቋን ለመዋጥ ብትሞክርም አልሆነላትም። "ይቅርታ አባባ" አለች አፏን ይዛ። "የመድኃኒት ወረቀትም ሲያነብ እኮ የቆዳውን ሽፍታ የጫካ ሽፍታ ያደርገዋል። 'ሽፍታ ከወጣብዎ ወዲያውኑ ሐኪም ያማክሩ' ሲል ሰው ሐኪም ይጥራ ፖሊስ ይጥራ ግራ ይገባዋል።"

ጋሽ ነጥቤ ሳይወዱ ፈገግ አሉ። ልጅቷ ግን መሣሪያዋን አስቀምጣ ትኩር ብላ ታያቸው ጀመር።

"አባባ፣ እርስዎ ዜና አንባቢው አይደሉም?"

"በምን አወቅሽ? ድምፄ እንደሆነ ሞቷል።"

"በድምፅዎ አይደለም፣ ፊደል በማጥበቅዎና በማላላትዎ ነው። እናቴ 'ቃል አትብዪ፣ እንደ ራዲዮው ሰውዬ ተናገሪ' እያለች ነው ያሳደገችኝ።"

አንባቢዬ፣ እዚህ ላይ ስለ ቅጽል ስማቸው ልንገርዎ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዜና ሲያነቡ፣ ወረቀቱን እንደተቀበሉ እርሳስ አውጥተው በሚጠብቀው ፊደል ሁሉ አናት ላይ ነጥብ ያስቀምጡ ነበር። ፊደላችን ላላውንና ጥብቁን ለይቶ አይጽፍም፤ አንባቢው ራሱ ይወቀው ብሎ ትቶታል። እሳቸው ታዲያ ያደናገራቸውን ቃል ሁሉ በአንድ ወፍራም ደብተር ይዘዋል። ያን ደብተር ከመሳቢያ አውጥተው ለሰው አሳይተው አያውቁም። ሙያ በልብ ነው ይላሉ፤ እንዲህ ባይ ሰው ብዙ ጊዜ ሊያካፍል ያልፈለገ ሰው ነው።

"አባባ፣ ምላሱን ከሚቆርጡ ለምን አያርሙትም?" አለች ልጅቷ።

"እኔ? የሰው ዕቃ?"

"የሰው ብቻ አይደለም፣ የእርስዎም ነው። ይህ ፕሮግራም የተሠራበት ጽሑፍ ኮድ ይባላል፤ ክፍት ነው። ማንም ያየዋል፣ ይገለብጠዋል፣ ስህተት ካገኘ አርሞ ይልካል። እኔ ራሴ አምና ስልክ ቁጥርን እንደ ገንዘብ በሚሊዮን እየቆጠረ ሲያነብ ሰምቼ አስተካክያለሁ።"

"በር የሌለው ቤት ነዋ! ነገ አንዱ ዱርዬ ገብቶ ስድብ ቢጨምርበትስ?"

"ማየት ነው እንጂ ለሁሉም ክፍት የሆነው፣ ማስገባት በረኛ አለው። የላኩትን ነባሮቹ ያዩታል፣ ይጠይቃሉ፣ ይሞክሩታል። የእኔ ሦስት ሰው አይቶት፣ ሁለት ጊዜ ተመልሶብኝ ነው የገባው።"

"ተመልሶብሽ?" ጋሽ ነጥቤ ቅንድባቸውን ሰቀሉ። "እሱ ደግሞ ምን ክብር አለው? እኔ ያነበብኩት ዜና አንድ ቀን ተመልሶ አያውቅም። ደግሞስ እኔ ይህን ኮድ የምትዪውን በምን አውቄው?"

ልጅቷ ኮምፒውተሯን ወደ እሳቸው አዞረች። "የሚያስፈልገው ሁሉ ኮድ አይደለም። ይኸውልዎ፣ ይህ የቃል ዝርዝር ነው። በግራ ቃሉ፣ በቀኝ አነባበቡ። ስህተት መጠቆም፣ መመሪያ መጻፍ፣ ቃል ማረም፣ ይህ ሁሉ እርዳታ ነው። እንደኔ ያለው ኮድ ይጽፋል፤ ጆሮ ግን ከየት ይምጣ?"

ሽማግሌው ዝርዝሩን አዩ። ዓይናቸው ከአንዱ ስህተት ወደ አንዱ ሲዘል፣ እጃቸው ሳይታዘዝ ከኪሳቸው እርሳስ አውጥቶ ወደ መስታወቱ ተዘረጋ።

"ኧረ አባባ! በስክሪኑ ላይ አይደለም!"

እርሳሱን አፍረው መለሱ። ልጅቷም ዝናቡ እስኪያባራ አካሄዱን አስረዳቻቸው። መጀመሪያ "መርዳት ለምትፈልጉ" የሚለውን ገጽ ማንበብ፤ ከዚያ ስህተቱን ሌላ ሰው ጠቁሞት እንደሆነ ማየት፤ ከዚያ በአንድ ደብዳቤ አንድ ጉዳይ ብቻ መጻፍ፦ ምን አስነበብኩት፣ ምን ሰማሁ፣ ምን መስማት ነበረብኝ። "ነገሩ ይኸው ነው" አለች። "ከሁሉ በላይ ግን አባባ፣ በትንሹ ይጀምሩ።"

"እሺ" አሉ ጋሽ ነጥቤ። እሺ ያሉት ግን ዝናቡ ስላባራ ነበር።

ቤት ሲደርሱ ገጹንም አላነበቡ፣ ሌላ ሰው ጠቁሞት እንደሆነም አላዩ። በሁለት ጣት እየለቀሙ ሦስት ቀን ጻፉ። ስምንት ገጽ ሞላ፤ መቶ አርባ ስህተት ተዘረዘረ። አናቱ ላይ እንዲህ ይላል፦ "ለሚመለከተው ክፍል። ጉዳዩ፦ በንባብ ፕሮግራማችሁ ላይ የታየውን ከፍተኛ ጉድለት ስለማሳወቅ።" መጨረሻው ደግሞ፣ "አስቸኳይ እርምጃ ተወስዶ ውጤቱ በጽሑፍ እንዲገለጽልኝ እያሳሰብኩ" ይላል። መሥሪያ ቤት ያረጀ ሰው ደብዳቤ ሲጽፍ እንዲህ ነው፤ የሚያሳስበው ሰው ይኑር አይኑር እንኳ አይጠይቅም።

መልሱ በሁለተኛው ቀን መጣ። የጻፈው ሰው በፕሮግራሙ የሥራ ገጽ ላይ ራሱን "በረኛው" ብሎ የሚጠራ ነበር።

"የተከበሩ ጌታዬ፣ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። እንዲህ ያለ ጆሮ ስንፈልግ ዓመታት አልፈዋል። ነገር ግን የሚመለከተው ክፍል የሚባል የለንም። ያለነው ጥቂት ሰዎች ነን፤ እኔ የአውቶቡስ ሹፌር ነኝ፣ አንዷ ነርስ ናት፣ አንዱ ሒሳብ ያስተምራል። ከሥራ ስንወጣ ነው የምንሠራው። መቶ አርባውን በአንድ ጊዜ መያዝ አንችልም። ስለዚህ በትሕትና የምነግርዎ፣ የሚመለከተው ክፍል እርስዎ ነዎት። እባክዎ ከአንድ ቃል ይጀምሩ።"

ጋሽ ነጥቤ እሳት ጎርሰው ወደ ሱቋ ሄዱ። "ሰማሽልኝ? ክፍሉ አንተ ነህ አለኝ! ሹፌር ነው ደግሞ!"

"ታዲያ እውነቱን እኮ ነው" አለች ልጅቷ እየሳቀች። "ለመሆኑ አባባ፣ በሥራ ዘመንዎ ለሚመለከተው ክፍል ጽፈው ስንት ጊዜ በሁለት ቀን መልስ አገኙ?"

ሽማግሌው በልባቸው ቆጠሩ። በሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ጊዜ አልነበረም።

"በይ እሺ" አሉ በመጨረሻ። "ከየትኛው እንጀምር? ከሰፊዋ እንጀምር። ባለቤቴ ናት የተሰደበችው።"

ልጅቷ የዝርዝሩን ቅጂ አወጣችላቸው። "ዋናውን አንነካም። በራስዎ ቅጂ ላይ ያርማሉ፣ ከዚያ 'ይኸው፣ ይሄን ለወጥኩ፣ በዚህ ምክንያት' ብለው ይልካሉ። ከወደዱት ከዋናው ጋር ይቀላቅሉታል።"

ሽማግሌው 'ሰፊ' የሚለውን ፈልገው ጥብቁን አነባበብ ሰረዙና ላላውን አስገቡ። ልጅቷ ትንሽ አመነታች። "አባባ፣ እርግጠኛ ነዎት?"

"ሠላሳ አንድ ዓመት አንብቤያለሁ እኮ!"

ከዚህ በላይ ምን ትበል? ላከችው።

በማግሥቱ ተመለሰ። በረኛው እንዲህ ጽፏል፦ "ስለ ድካምዎ እናመሰግናለን። ሆኖም ይህን ብንቀበል 'ሰፊ አዳራሽ' የሚለው የልብስ ሰፊ አዳራሽ ሊሆንብን ነው። 'ሰፊ መንገድ'ም እንዲሁ። ሌላ መላ ይኖር ይሆን?"

ውይ! ጋሽ ነጥቤ ከአንገታቸው እስከ ጆሯቸው ቀሉ። አንድ ቃል፤ ያውም የገዛ ሚስታቸው ስም! ልጅ እንኳ የማይስተው ስህተት! ስልኩን አጠፉት፤ ሳምንት ሙሉ በሱቋ በኩል ማለፍ ትተው በሌላ መንገድ ዞሩ። ከሰባቱ ሳምንት አራቱ ቀርተው ነበር። ድምፃቸውም እየሳሳ ሄዶ፣ ከሰዓቱን ንባብ ከግማሽ ገጽ በላይ መግፋት አቃታቸው።

አንድ ከሰዓት መጽሐፉን ዘግተው ሲያስሉ፣ እትዬ ሰፊዋ በመስኮቱ ሥር ተቀምጠው የሸሚዝ ቁልፍ በጣታቸው እየዳበሱ ይተክሉ ነበር። ዓይናቸው ቢደክምም ጣታቸው አልደከመም።

"አንተ ሰው፣ ያቺ ልጅ ደወለች" አሉ። "አባባ አመማቸው ወይ ትላለች።"

"ተይኝ እባክሽ። ሥራዬን መለሱብኝ።"

"ተመለሰ? ታዲያ ምን አለበት?"

"ምን አለበት ትያለሽ? የጻፍኩት ተመልሶብኝ አያውቅም!"

እትዬ ሰፊዋ መርፌያቸውን ሸሚዙ ላይ ሰኩ። "አርባ ዓመት ስሰፋ ያልተመለሰ ልብስ አላስታውስም። ሰው ልብሱን ይዞ ሲመለስ ጣለው ማለት ነው እንዴ? ለልክ ነው የመጣው! መጀመሪያ በላላ ክር ይያዛል፣ ሰውየው ይለብሰዋል፣ ይታያል፣ ከዚያ ነው የሚጠብቀው። አንተ ግን ሳትለካ አጠበቅከው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች አሉ።"

"ላላውን ነው ያስገባሁት፣ ጥብቁን አይደለም" አሉ ሽማግሌው፣ በክርክር መሸነፍ የማይወድ ሰው እንደሚለው።

"አታሹፍብኝ! ይልቅ ንገረኝ፣ ዜና ስታነብ ነጥቡን የምታስቀምጠው ቃሉን እንዳየኸው ነበር?"

"አይ። መጀመሪያ ዓረፍተ ነገሩን ጨርሼ አነበዋለሁ። ቃል በጎረቤቱ ነው የሚታወቀው።"

ብለው ቆሙ። የራሳቸው ቃል በራሳቸው ጆሮ ገባ። በሩን የከፈተች ሰፊ እና መኪና የሚያልፍበት ሰፊ በጎረቤታቸው ይለያያሉ! ለዚያ ሹፌር መንገር የነበረባቸው ቃሉን ሳይሆን ይህንን ነበር።

እትዬ ሰፊዋ ግን አልጨረሱም። "ሌላም ልንገርህ፣ አትቆጣ። ያቺን 'የዋና ውድድር' ብላ አጥብቃ ያነበበችውን ልጅ ታስታውሳለህ?"

እንዴት አያስታውሱ! አዲስ ዜና አንባቢ ነበረች። የውሃውን ዋና እንደ ዋናው ነገር አጥብቃ አንብባ አገር ሳቀባት። በወሩ ወደ መዝገብ ቤት አዛወሯት፤ ከዚያ ወዲያ ማይክራፎን ፊት አልቀረበችም። ቃሉ ደግሞ በጋሽ ነጥቤ ደብተር፣ አሥራ ሁለተኛው ገጽ ላይ፣ ከነነጥቡ ተጽፎ ነበር። ደብተሩም እሷ ከተቀመጠችበት ወንበር ሁለት ክንድ በማይርቅ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎ ነበር።

"አስታውሳለሁ" አሉ ዝቅ ብለው። "አጥፍቻለሁ።"

"እንግዲያስ ያን ደብተር አውጣው። ይዘኸው አትቀበርም።"

በማግሥቱ ጋሽ ነጥቤ ደብተሩን በጋዜጣ ጠቅልለው ወደ ሱቋ ገቡ፤ ልጅቷ ፊት ዘርግተው "በይ አንብቢ" አሏት። ልጅቷ አንዱን ገጽ ስትገልጥ፣ ሌላውን ስትገልጥ፣ የጠገነችውን ስልክ ሊወስድ የመጣውን ደንበኛ ረሳችው። በእርሳስ የተነጠቡ በሺህ የሚቆጠሩ ቃላት፣ እያንዳንዳቸው ከነዓረፍተ ነገራቸው!

"አባባ፣ ይህን ይዘው ነው ሠላሳ ዓመት ዝም ያሉት?"

"አትገሥጪኝ፣ ባለቤቴ ገሥጻኛለች" አሉ። "አሁን ለዚያ ሹፌር ጻፊልኝ። አይ ቆይ፣ እኔው ልጻፍ።"

የጻፉት አምስት መስመር ነበር። "የመለሱልኝ ልክ ነው፣ ስህተቱ የእኔ ነው። 'ሰፊ' ሁለት ንባብ አለው፤ የሚለየው በጎረቤቱ ነው። ከዚህ ጋር አርባ ዓረፍተ ነገር አያይዣለሁ፤ በሃያው ይላላል፣ በሃያው ይጠብቃል። ይህን ወደ ሕግ የምትለውጠው ልጅ አብራኝ አለች። ያላየሁት ካለ ይመልሱልኝ።"

ደግሞም ተመለሰ! አንዴ ነርሷ "'ጫማ ሰፊ'ስ?" ብላ ጠየቀች፤ ጫማ የሚሰፋው ሰውም ሊሆን ይችላል፣ እግር የሚዋኝበት ጫማም ሊሆን ይችላል። አንዴ የሒሳብ አስተማሪው የልጅቷ ኮድ ስልኩን እንደሚያዘገየው አሳየ። በዚህ ጊዜ ግን ሽማግሌው "ለልክ ነው የመጣው" እያሉ ይስቁ ነበር። ሦስተኛው ሲላክ በረኛው አንድ ቃል መለሰ፦ "ገብቷል።" ከረዱት ሰዎች ዝርዝር ግርጌ ስማቸውን ምን ብሎ እንዲጽፍም ጠየቃቸው። "ነጥቤ" አሉ። "ከጎኑ ደግሞ 'ሰፊዋ' ብለህ ጨምር፤ መላውን ያመጣችው እሷ ናት።"

እኔ ይህን የምጽፈው ሰው ቢያንስ አንድ ነገር እንዲገነዘብልኝ ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። የጋሽ ነጥቤ ደብተር በመሳቢያ ውስጥ ሸክም ነበር። በተከፈተ በአሥራ አራተኛው ቀን፣ ነርሷ ስለ ሽፍታ ያለውን ገጽ ወስዳ የመድኃኒት ወረቀቱን አስተካከለች። ሌላ የማያውቁት ሰው ስለ 'ገና' ያለውን ወሰደ። ጋሽ ነጥቤ የዘለሉትን ሰባት ቃልም አገኘባቸው፤ እሳቸውም አመሰገኑት። ደብተሩ ተወስዶ አላለቀም፣ ይብሱን ወፈረ። ዕውቀት እንዲህ ናት፤ የሚያጎድላት መደበቅ እንጂ መስጠት አይደለም።

ቀኑ ደረሰ፣ ጉሮሯቸው ተቀደደ። ሐኪሙ ቃል እንዳይወጣቸው አስጠነቀቃቸው፤ በኋላም ከሹክሹክታ ያለፈ ድምፅ እንደማይኖራቸው ነገራቸው። ቤት በገቡ በማግሥቱ፣ ከሰዓት፣ እንደ ልማዳቸው ከመስኮቱ ሥር ተቀመጡ። መጽሐፉ አልተከፈተም። እትዬ ሰፊዋ ስልኩን ዳብሰው አገኙና ነኩት።

"ሰፊዋ በሩን ከፍታ ገባች" አለ ስልኩ።

አላልቶ፣ አስተካክሎ፣ ልክ መነበብ እንዳለበት!

እትዬ ሰፊዋ እጃቸውን ዘርግተው የባላቸውን እጅ ፈለጉ። "አንተ ነህ" አሉ። "አነባበቡ ያንተ ነው።" ከዚያ አለቀሱ። ጋሽ ነጥቤ መናገር አይችሉም፤ በጣታቸው ጫፍ በሚስታቸው መዳፍ ላይ አንድ ነጥብ አስቀመጡ። ስልኩም ንባቡን ቀጠለ።

ከሁለት ወር በኋላ፣ በሥራው ገጽ ላይ አዲስ ደብዳቤ መጣ። በረኛው አውቶቡስ ላይ ስለነበር ጋሽ ነጥቤ ከፈቱት። እንዲህ ይላል፦

"ለሚመለከተው ክፍል። ፕሮግራማችሁ 'የዋና ውድድር' የሚለውን አጥብቆ ያነባል። ውሃ ውስጥ የሚዋኙበት ስለሆነ መላላት አለበት። ትንሽ ነገር ትመስላችሁ ይሆናል፤ እኔ ግን በዚህች ቃል የደረሰብኝን አውቀዋለሁ። የቀድሞ ዜና አንባቢ፣ አሁን የመዝገብ ቤት ሠራተኛ።"

ሽማግሌው ደብዳቤውን ደጋግመው አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁ፣ ጠረጉ፣ መልሰው አደረጉ። ከዚያ በሁለት ጣታቸው እየለቀሙ ይህን ጻፉ፦

"ልጄ፣ ልክ ነሽ። ቃሏ በደብተሬ አሥራ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነበረች፤ ያኔ ላሳይሽ ሲገባ ቆለፍኩብሽ። ይቅር በዪኝ። አሁን ደብተሩ ክፍት ነው፣ ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። እርማቱን ግን እኔ አልሠራውም፤ አንቺ ሠርተሽ ላኪው፣ ስምሽም ይጻፍበት። የሚመለከተው ክፍል አንቺ ነሽ።"